ስለ ብስኩትና ስለ ኬክ አጋገር ለጀማሪዎች

ብስኩትና ኬክ በቤት ጋግሮ ለልጆችና ለእንግዳ ማቅረብ በከተሞቻችን የተለመደ ሥራ ሆኗል። በየትምህርት ቤቱ ባልትና የሚያስተምሩ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን በዚሁ ሲያለማምዱ እናያለን። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዱቄቱና ከስኳሩ ልክ ሲሆን፥ ስለ ንጽሕናና ስለ እሳት አያያዝ የሚነገረው በመጨረሻ፥ እርሱም ጊዜ ከተረፈ ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱ አንድ ትምህርት ናቸው። ብስኩቱን የሚያጣፍጠው ጥንቃቄ፥ የሚበላውን ልጅ ከበሽታ የሚጠብቀው ያው ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር አንድ ጀማሪ በከሰል ምድጃም ሆነ በኤሌክትሪክ መጋገሪያ ሊሠራቸው የሚችላቸውን ሦስት ነገሮች፥ ይኸውም ብስኩትን፥ የፍስክ ኬክንና የጾም ኬክን ከነጥንቃቄያቸው እንገልጻለን።

የመጋገሪያ እሳት በሊጡ ውስጥ የገቡትን የበሽታ ተሕዋስያን አብዛኞቹን ይገድላል። እንግዲህ አደጋው የሚመጣው ከእሳቱ በፊትና ከእሳቱ በኋላ ነው። ከእሳቱ በፊት፥ ልጆች ሊጥ የተቦካበትን ሳሕን በጣታቸው እየጠረጉ ሲልሱ፤ ከእሳቱ በኋላ ደግሞ፥ የበሰለው ብስኩት ባልታጠበ እጅ ሲነሣ፥ ዝንብ ሲያርፍበት፥ ወይም ጥሬ እንቁላል በነካ ማንኪያ ሲገለበጥ ነው። ከሁለቱ የኋለኛው ይከፋል፤ ዳግመኛ እሳት የማያገኝ ምግብ የያዘውን ይዞ ወደ አፍ ይገባልና።

ስለዚህ ጋጋሪው ሥራውን ሲጀምርና ብስኩቱን ከትሪው ሲያነሣ፥ ሁለት ጊዜ፥ እጁን በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ። ቀለበቱን ያውልቅ፤ ጥፍሩ አጭር ይሁን፤ ጠጉሩም በሻሽ ይሸፈን። ቧንቧ በሌለበት ቤት አንዱ በማስታጠቢያ እያፈሰሰ ሌላው ይታጠባል። ይህ የቆየ ልማዳችን፥ አንድ ሳፋ ውሃ አስቀምጦ ሃያ ተማሪ በተራ እጁን እንዲነክርበት ከማድረግ እጅግ የሚበልጥ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሰው፥ ሕመሙ ካቆመለት በኋላ ሁለት ቀን እስኪያልፍ ድረስ ለሌላ ሰው ምግብ ባያዘጋጅ ይሻላል። በጣቱ ላይ መግል የያዘ ቁስል ያለበትም እንዲሁ ነው፤ ከቁስሉ የሚወጡት ተሕዋስያን የሚያመነጩት መርዝ እሳት የማያጠፋው ዓይነት ነውና።

ዱቄቱ በተለምዶ የፉርኖ ዱቄት የሚባለው ነጩ የስንዴ ዱቄት ነው። በወንፊት ይነፋል። ወንፊት ነቀዝንና ጓጉላን ያወጣል፤ ተሕዋስያንን ግን አያወጣም። ዱቄት ደረቅ ስለ ሆነ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ያልበሰለ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ጥሬ ዱቄትና ጥሬ ሊጥ የነኩና የቀመሱ ሰዎች ኢኮላይ በሚባለው ተሕዋስ ታመው ነበር። እንቁላልም ቢሆን ቅርፊቱ የጸዳ ስለ ሆነ ብቻ አይታመንም፤ ሳልሞኔላ የተባለው ተሕዋስ በውስጡም ሊገኝ ይችላል። እያንዳንዱ እንቁላል አስቀድሞ በሲኒ ውስጥ ይሰበር፤ የተበላሸ ቢገኝ አንዱ ብቻ ይደፋል፥ ሊጡ አይበላሽም። ልጆች ሳሕኑን ለመላስ ቢያለቅሱ የመጀመሪያው የበሰለ ብስኩት የእነርሱ መሆኑን መንገር ይበቃል።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀልለው ብስኩት ነው። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ መርጦ ሁሉን በእርሱ መስፈር ያስፈልጋል፤ መጠኑ ዱቄት 2 ብርጭቆ (ሩብ ኪሎ ገደማ)፥ ስኳር ግማሽ ብርጭቆ፥ ቀልጦ የቀዘቀዘ ቅቤ ግማሽ ብርጭቆ፥ እንቁላል 1፥ ቤኪንግ ፓውደር ግማሽ የሻይ ማንኪያ፥ ጨው አንድ ቁንጥጫ ነው። ቅቤው ቅመም ያልገባበት ይሁን፤ ለወጥ የተነጠረው ቅቤ ከገባ እንግዳው ብስኩት ሲበላ ዶሮ ወጥ ይሸተዋል። ቅቤና ስኳሩ ይመታሉ፤ እንቁላሉ ይጨመራል፤ ከዚያ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው የተቀላቀለበት ዱቄት ጥቂት በጥቂት ይገባል። ሊጡ ከተያያዘ በቂ ነው። እንደ ዳቦ ሊጥ ብዙ የታሸ እንደ ሆነ ብስኩቱ ይጠነክራል። ከዚህ በኋላ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተዳምጦ በሻይ ብርጭቆ አፍ ይቆረጣል፤ 30 ያህል ይወጣዋል። የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ያለው ሰው በ180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጋግረዋል።

መጋገሪያ የሌለው ሰው እናቶቻችን ድፎ ዳቦ የሚጋግሩበትን ዘዴ ይያዝ፤ ይኸውም ከታችም ከላይም እሳት ማድረግ ነው። ወፍራም ብረት ድስት በከሰል ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ በድስቱ ውስጥ ትሪውን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ማስቀመጫ ይገባል፤ በብረት ክዳን ተከድኖ በክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። የጀማሪ ስሕተት የታችኛውን እሳት ማብዛት ነው። ከታች ጥቂት፥ ከላይ በዛ ያለ ፍም ቢሆን ይሻላል። አስቀድሞ አንድ ብስኩት ብቻ አስገብቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ መመልከት የእሳቱን ልክ ያስታውቃል፤ አንድ ብስኩት ቢያርር ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ስለ ከሰል ግን ከዚህ የበለጠ የምንናገረው አለን። በብዙ ቤት ከሰሉን በደጅ አቀጣጥሎ፥ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። ጭሱ ስላለቀ አደጋውም ያለቀ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከቀላ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ቀለም የለውም፥ አይሸትም፥ ዓይንም አያቃጥልም። በሳንባ በኩል ወደ ደም ሲገባ፥ ኦክሲጅንን ከሚሸከመው የደም ክፍል ጋር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል፤ ሰውነትም ሳይታወቀው ታፍኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ምልክት ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና ድካም ስለ ሆነ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ በር ዘግቶ ይተኛል። የክረምት ዝናብና ብርድ ሲበረታ፥ የመጋገሪያውን ትርፍ ፍም ቤት ለማሞቅ ብለው በመኝታ ክፍል ያሳደሩ ቤተ ሰቦች ጧት ሳይነሡ የቀሩበት ጊዜ አለ። እንግዲህ በከሰል የሚጋገረው በደጅ፥ በበረንዳ ወይም በመከዳ ሥር ይሁን፤ በማእድ ቤት ከሆነ በርና መስኮቱ ሁለቱም ይከፈቱ። ተማሪዎችን የሚያስተምር መምህር ምድጃውን በክፍል ውስጥ ፈጽሞ አያስገባ። ሥራው ሲያልቅ ፍሙ በደጅ በውሃ ይጥፋ። ራሱን ያዞረው ሰው ቢኖር ቶሎ ወደ ነፋስ ይውጣ፥ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የሚጠጣ ወይም የሚሸተት ነገር ይህን ጋዝ ከደም አያስወጣውም፤ የሚያስወጣው ንጹሕ አየርና በሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክሲጅን ነው።

ወደ ኬኩ እንመለስ። ከውጭ አገር በመጣ መጽሐፍ እየተመራ ኬክ የጋገረ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ያዝናል፤ ኬኩ መጀመሪያ ከፍ ይላል፥ ወዲያው መካከሉ ይሰምጣል። ዱቄቱን ወይም እጁን ይወቅሳል። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍታችን ነው። እነዚያ መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ለባሕር ወለል ቅርብ ለሆኑ አገሮች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥረው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል፥ የኬኩ ግድግዳ በእሳት ሳይጠነክርም ይፈርሳል። ውሃም በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ተንኖ ኬኩ ይደርቃል። ኬኩ የሰመጠበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቤኪንግ ፓውደር ይጨምራል፤ ይህም ጥፋቱን ያብሰዋል። የሚገባው መቀነስ ነው። በደጋ የሚኖር ሰው መጽሐፉ ካዘዘው ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ይተው፤ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ስኳር አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይቀንስ፤ በእያንዳንዱ ብርጭቆ ወተት ላይ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጨምር። እንደ ድሬዳዋ ባለው፥ 1,200 ሜትር ገደማ በሆነ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ሁሉ እምብዛም አያስፈልገውም። ብስኩት ስስና ደረቅ ስለ ሆነ ከፍታው ብዙ አይጎዳውም፤ ለጀማሪ ያስቀደምነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለደጋ አገር የሚስማማ ተራ ኬክ እንዲህ ነው፦ ዱቄት 2 ብርጭቆ፥ ስኳር ሦስት አራተኛ ብርጭቆ፥ ዘይት ግማሽ ብርጭቆ፥ እንቁላል 3፥ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት ሦስት አራተኛ ብርጭቆ፥ ቤኪንግ ፓውደር አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፥ ጥቂት ኮረሪማ ወይም ቀረፋ። ወተት በ92 ዲግሪም ቢፈላ በሽታ አምጪዎቹን ለመግደል ይበቃል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ከፍታው አያሳስብም። እንቁላልና ስኳሩ ነጣ እስኪል ከተመታ በኋላ ዘይትና ወተቱ፥ በመጨረሻም ዱቄቱ ይገባል። ዘይት በተቀባና ዱቄት በተነሰነሰበት ድስት ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይጋገራል። የመጀመሪያውን 25 ደቂቃ ክዳኑን መክፈት ክልክል ነው፤ ብርድ የገባበት ኬክ ይሰምጣል። መብሰሉን ለማወቅ ንጹሕ ስንጥር ወደ መካከሉ ይሰካል፤ ደርቆ ከወጣ በስሏል፥ ሊጥ ከያዘ ግን ላዩ ቢቀላም እንቁላሉ ገና ጥሬ ነውና ይመለስ።

በጾም ወራትና በረቡዕ፥ በዓርብ ለሚጾመው ቤት እንቁላልና ወተት የሌለበት ኬክ አለ። ዱቄት 2 ብርጭቆ፥ ስኳር ሦስት አራተኛ ብርጭቆ፥ የመጋገሪያ ሶዳ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያና ጨው ይቀላቀላሉ፤ ውሃ 1 ብርጭቆ፥ ዘይት ሲሶ ብርጭቆና ኮምጣጤ 1 የሾርባ ማንኪያ ተጨምሮ በፍጥነት ይማሰላል። ኮምጣጤው ሶዳውን ሲያገኝ ጋዝ ይፈጥራል፤ ኬኩን የሚያነሣው ይህ ጋዝ ስለ ሆነ፥ ሊጡ ሳይቆይ ወዲያው ወደ እሳት ይግባ። ኪሱ ለጠበበ መምህር ለክፍል ትምህርት ከሁሉ የሚቀልለው ይህ ነው።

ጣፋጩ ከተጋገረ በኋላ ማን፥ መቼና ምን ያህል ይብላ የሚለው ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ የሚጨመር ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች፥ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ የኋለኛው ለአንድ ዐዋቂ 25 ግራም፥ ማለት ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከላይ ያልነው ኬክ ለ12 ቢቆረጥ በአንዱ ቁራሽ 11 ግራም ገደማ ስኳር ይገኛል። ከእርሱ ጋር ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የገባባቸው ሁለት ብርጭቆ ሻይ የጠጣ ሰው የቀኑን ልክ አልፏል። ብስኩቱ ይሻላል፤ በአንዱ ያለው 3 ግራም ያህል ነው። ለጥርስ ግን ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይጎዳል። በአፍ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥርስን ይበላል። ልጁ ሦስት ብስኩት ከምሳ ጋር ቢበላ ጥርሱ አንድ ጊዜ ይጠቃል፤ ሦስቱን በኪሱ ይዞ በየእረፍቱ ቢቆረጥም ሦስት ጊዜ። የወተት ጥርስ ይወልቅ የለም ወይ የሚሉ ወላጆች አሉ። አዎን ይወልቃል፤ እስኪወልቅ ግን ልጁ ሌሊት ያለቅሳል፥ መብላትም ይከለክለዋል፥ ከሥሩ የሚበቅለውንም ጥርስ ሊጎዳ ይችላል።

በስኳር ፈንታ ማር የሚያደርጉ አሉ፤ ለትልልቆቹ ይሁን። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በጥሬውም፥ በብስኩት ውስጥ ተጋግሮም አይሰጥ። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ዘር ሊኖር ይችላል፤ ይህም ዘር በኬክና በብስኩት እሳት አይሞትም። የሕፃኑ አንጀት ገና ስላልጠነከረ ዘሩ በዚያ ይበቅላል።

የተጋገረው ሁሉ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አይከደን፤ እንፋሎቱ በክዳኑ ላይ ላብ ሆኖ ይንጠባጠብና ሻጋታ ያመጣል። በንጹሕ ስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ይብረድ። ብስኩት ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ኬክ ግን እርጥብ ስለ ሆነ ከሦስት ቀን በላይ አይቀመጥ። የሻገተ ኬክ የሻገተው ቦታ ተቆርጦ አይበላም፤ ሁሉም ይጣላል። ክሬም የተቀባ ኬክ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት ስለሌለበት፥ ጀማሪ ለጊዜው ክሬሙን ቢተወው ይሻላል። ለማስቀመጫ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ታጥቦ፥ በፀሐይ ደርቆ ያገለግላል፤ የተጋገረበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት። ቀለም፥ ነዳጅ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ቆርቆሮ ግን ቢታጠብም ቢቀቀልም ለምግብ አይሆንም።