«ሌላም አለ»፦ ከእናቴ የመንታ ወሊድ የምንማረው



ታናሽ ወንድሜ እንደ እናንተው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሰው «ለእናትህ ስንተኛ ነህ?» ሲለው «መንታ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። «ሌላውስ የት አለ?» ሲባል ግን ዝም ይላል። ባለፈው ክረምት እኔኑ ጠየቀኝ። «እህቴ ለምን ሞተች?» አለኝ። ሶሲዮሎጂ ተምሬ፣ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ከነፍሰ ጡር እናቶች ጋር እየዋልኩ፣ ለዚህች ጥያቄ አጭር መልስ አጣሁላት። ስለዚህ እናታችንን ጠየቅኋት። የዛሬው ትምህርታችንም ከእሷው አንደበት ይጀምራል።

«ሆዴ ትልቅ ነበር»

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ከጮቄ ተራራ በታች ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ጊዜው ነሐሴ 2000 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ እንዲህ ታስታውሳለች፦

«አምስተኛ እርግዝናዬ ነው። አራታችሁን እዚሁ ቤት ተገላግያለሁ፤ ምን ያስፈራኛል? ሆዴ ትልቅ ነበር። ሴቶቹ ‹ወንድ ነው፤ ጎረምሳ ነው የያዝሽው› ይሉኛል። እግሬ ሲያብጥ የድካም ነው አልኩ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ሁለት ጊዜ መጥታ ‹ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታዪ› ብላኛለች። በየት ጊዜዬ ልሂድ? አረሙ አለ፣ ከብቱ አለ፣ እናንተ አላችሁ።

«ሌሊት ምጡ መጣ። ሴቶቹ ‹ማርያም ማርያም› እያሉ ከበቡኝ። ዶሮ ሳይጮህ ወንድምሽ ተወለደ፤ እልል ተባለ። እኔ ግን አልቀለለኝም። አዋላጇ እንግዴ ልጁን ስትጠብቅ ሆዴን ዳሰሰችና እጇ ቀጥ አለ። ‹ሌላም አለ› አለች። ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ።»

ሁለተኛዋ በጎን ተጋድማ ነበር። «አሁን ትመጣለች» ሲባል ነጋ። አባቴ ወሳንሳ የሚሸከሙ ጎረቤቶች እስኪያሰባስብ ረፈደ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ጎርፉ እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሙ። ጤና ጣቢያ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። እህታችን ሳትተነፍስ ተወለደች። እናታችን ብዙ ደም ይፈሳት ጀመር፤ መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ደብረ ማርቆስ ተላከች። እዚያ የማታውቀው ሰው የለገሰው ደም ነፍሷን አተረፈላት።

«ሰው ሁሉ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› ይለኛል። ምራኛለች፤ አይካድም። ግን አንዱን አቅፌ አንዷን ቀብሬ መጣሁ። ጡቴ ለሁለት ነበር ያጋተው። ወንድምሽ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ የእሷን 80 ሳልፈልግ እቆጥር ነበር።»

መንታ እንዴት ይፀነሳል?

መንታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ አንድ የዳበረ እንቁላል ለሁለት ሲከፈል የሚፈጠር ነው። እነዚህ ልጆች በመልክ በጣም ይመሳሰላሉ፤ በጾታም አንድ ናቸው። ሁለተኛው፣ በአንድ ወቅት ሁለት እንቁላሎች ወጥተው በሁለት የተለያዩ የወንድ ዘር ፍሬዎች ሲዳብሩ ነው። እነዚህ እንደማንኛውም እህትና ወንድም ናቸው፤ ልዩነቱ ማህፀኑን በአንድ ጊዜ መጋራታቸው ብቻ ነው። ወንድሜና እህቴ ከነዚህ ወገን ነበሩ። ይህ ዓይነቱ መንታ በእናት በኩል በዘር ይወርዳል፤ ዕድሜዋ ገፋ ባለችና ደጋግማ በወለደች እናት ላይም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው በዓለም ላይ ከሚወለዱ 42 ልጆች አንዱ መንታ ነው። እንግዲህ መንታ የእርግማንም የምልክትም ጉዳይ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሥራ ነው።

ታዲያ ለምን ያሰጋል?

የሰው ማህፀን በአብዛኛው አንድ ልጅ ይይዛል። ሁለት ሲሆኑ የእናቲቱ ደም ለሦስት ይካፈላልና የደም ማነስ ይበረታል። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊትም በመንታ እርግዝና ይበዛል። ከመንታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 37ኛው ሳምንት ሳይሞላ፣ ማለትም ያለጊዜያቸው ይወለዳሉ። የመጀመሪያው ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ሰፊ ቦታ ስለሚያገኝ በጎን ሊጋደም ይችላል። በጣም የተለጠጠ ማህፀን ደግሞ ከወሊድ በኋላ ቶሎ አይኮማተርም፤ ደም የሚፈሰውም ለዚህ ነው። እናቴን የገጠማት በሙሉ በዚህ አንቀጽ ውስጥ አለ። አንዱም ምስጢር አልነበረም፤ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር።

ሦስቱ መዘግየቶች

የእናቶችን ሞት ያጠኑ ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶችን ይጠቅሳሉ። የመጀመሪያው ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት፣ ሦስተኛው ደግሞ ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን እርዳታ ለማግኘት መዘግየት ነው።

እናቴን በመጀመሪያው ልንወቅሳት ይቃጣናል። «ታዪ ተብላ አልነበር?» እንላለን። ነገር ግን ልብ በሉ! አረሙን ማን ያርምላት ነበር? ልጆቹን ማን ይጠብቅ ነበር? «እንሂድ» ብሎ የሚወስነውስ ማን ነበር? በዚያ ሌሊት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች አደጋውን አውቀውታል፤ ወሳንሳ የሚያስነሳው ግን የወንዶች ቃል ነበር። ውሳኔ የአንድ ሰው ስንፍና ወይም ጉብዝና ብቻ አይደለም። በቤት ውስጥ ሥራና ሥልጣን እንዴት እንደተከፋፈለም ያሳያል። ለወንድሜ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይኼ ነው፦ እህትህን የገደላት አንድ ነገር አይደለም፤ ተደራርበው የመጡ ሰዓታት ናቸው።

መንታና ኤች አይ ቪ

ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ስትሄድ ከሚደረግላት ምርመራ አንዱ የኤች አይ ቪ ነው። መንታዎች በዚህ በኩል ለሳይንስ ውለታ ውለዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ካለ እናቶች የተወለዱ መንታዎችን ሲያወዳድር፣ ቀድሞ የተወለደው ልጅ ከተከታዩ ይልቅ በብዛት ተይዞ ተገኘ። ቀዳሚው መንገዱን የሚከፍተው ስለሆነ ለእናቱ ደምና ፈሳሽ ይበልጥ ይጋለጣል። ይህም ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፉ ትልቅ ክፍል የሚከናወነው በወሊድ ሰዓት እንደሆነ ለመረዳት ረድቷል።

ምንም ሕክምና ካልተደረገ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ወቅት ቫይረሱ ወደ ልጁ የመተላለፉ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። እናቲቱ መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ግን ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። በአገራችን ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ የሕመም ደረጃዋ ሳይጠበቅ ሕክምናውን እንድትጀምርና ዕድሜ ልኳን እንድትቀጥል ይደረጋል። ለሕፃናቱም ከተወለዱ ጀምሮ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣል፤ በ6 ሳምንታቸው አካባቢም ይመረመራሉ። መንታ ሲሆኑ መድኃኒቱም ምርመራውም ለየብቻ ነው፤ የአንዱ ውጤት የሌላው ውጤት አይደለም።

አንዲት እናት በደማቸው ቫይረሱ ስላለ ብቻ ከጎረቤት ፊት ሸሽተው ክትትል ቢያቋርጡ፣ የምንጎዳቸው በሽታው ብቻ ሳይሆን እኛም በምላሳችን ነን።

ዛሬ ምን አለን?

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር እናት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይና ከ24ኛው ሳምንት በፊት አልትራሳውንድ እንድትነሳ ይመክራል። አልትራሳውንድ መንታን ገና በጊዜ ያሳያል። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት ቀኗ ሲቃረብ በእናቶች ማቆያ ትሰነብታለች፤ በአገራችን ፋና ወጊው ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1976 በጉራጌ በአጣጥ ሆስፒታል የተከፈተው ነው። ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ትንንሽ ሕፃናት ደግሞ የካንጋሮ እንክብካቤ አለ። ሕፃኑን ራቁቱን ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቆ ማቀፍ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ተጀመረ። ሙቀቱ ከሰው ገላ ነው፤ አባትም ሊያቅፍ ይችላል። ጡትም ለሁለት ይበቃል፤ ልጆቹ በጠቡ ቁጥር ወተቱ ይጨምራልና።

እናንተስ ምን ትችላላችሁ?

1. እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም የጎረቤት እትዬ ነፍሰ ጡር ከሆኑ በክትትላቸው ቀን ውሃ ቅዱላቸው፣ ከብት ጠብቁላቸው። ወንዶች ልጆች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል!

2. የአደጋ ምልክቶችን እወቁ፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ። አንዱ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም!

3. በቤታችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ አምቡላንስ ማን ይጠራል? ቤት ማን ይጠብቃል? አባት ባይኖር ማን ይወስናል?

4. 18 ዓመት ሲሞላችሁና ጤነኛ ስትሆኑ ደም ለግሱ።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለወንድሜ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ለእማ ደም የሰጣት ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም አይደል?» አለኝ። አይታወቅም አልኩት። 18 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ቀኑን ቆጥሮ ይዞታል።

ተወያዩበት

ሀ. በታሪኩ ውስጥ ሦስቱን መዘግየቶች ለይታችሁ አሳዩ። የትኛውን ማስቀረት ይቀል ነበር?

ለ. በእናንተ ቤት «ሐኪም ቤት እንሂድ» የሚለውን ማን ይወስናል? ለምን?

ሐ. ቀድሞ የሚወለደው መንታ ለኤች አይ ቪ ይበልጥ የሚጋለጠው ለምንድን ነው? መከላከያውስ ምንድን ነው?