ስለት ከማዘንበሉ ነው

ሐዋሳ ውስጥ ቶርኖ የተተከለበት ግቢ ሥራ አይመርጥም። የተበላ የባጃጅ አክስል፣ የእህል ወፍጮ ዘንግ፣ ከሲዳማ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ የተላከ ያለቀ የነሐስ ቡሽ ሁሉም በዚያው በር ይገባሉ። ጀማሪን የሚያስቸግረው ግን ማሽኑን ማሽከርከሩ ሳይሆን ቱሉን፣ ማለትም መቁረጫውን ብረት፣ መሳሉ ነው። ጣት ሲነካው ስለታም የመሰለ ቱል ብረቱ ላይ ሲያርፍ ይጮኻል፣ ይፈጫል፣ ይግላል፤ አይቆርጥም። ስለት ብቻውን አይቆርጥምና ነው። የሚያስቆርጠው ከጠርዙ በታችና በላይ ያለው ማዘንበል ነው።

አስቀድሞ ስለ ቱሉ ብረት። በቤት ወርክሾፕ ለመሳል የሚመቸው ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው ነው። አሜሪካውያኑ ፍሬድሪክ ቴይለርና ማንሰል ኋይት ሠርተውት በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሲታይ ዘርፉን አስደንቋል። የተለመደው ኤም 2 የተባለው ዓይነት 6 በመቶ ያህል ተንግስተንና 5 በመቶ ያህል ሞሊብዲነም አለበት። ተራ የካርቦን ብረት ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል፤ ይህኛው ግን እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ይታገሳል። ካርባይድ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ነገር ግን ተለዋዋጩ ጫፍ ሲደንዝ ተጥሎ ሌላ ይገዛል። የሃይ ስፒድ ቁራጭ እስኪያጥር ድረስ ደጋግሞ ይሳላል።

አሁን ወደ ቅርጹ። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ማለትም ሥራውን ይዞ ወደሚያሽከረክረው ቻክ አቅጣጫ እየሄደ የሚቆርጥ ቱል እንውሰድ። የሚሳሉት ሦስት ገጾች ናቸው። አንደኛው የግራ ጎኑ ነው፤ ዋናው ጠርዝ ያለው እዚህ ነው። ከጠርዙ ወደ ታች ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ማምለጫ ባይኖር የቱሉ ሆድ ብረቱን ቀድሞ ይነካና ጠርዙን ያርቀዋል፤ ያ ጩኸት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ሁለተኛው የፊቱ ገጽ ነው። እርሱም ወደ ታች በዚያው መጠን ያመልጣል፤ ከላይ ሲታይም ከአፍንጫው ጀምሮ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ስለዚህ የተላገውን ገጽ የሚነካው አፍንጫው ብቻ ነው። ሦስተኛው አናቱ ነው። ከጠርዙ ወደ ኋላና ወደ ጎን ዝቅ ሲል ፍቅፋቂው ተንሸራቶ ይወጣል።

የአናቱ ማዘንበል እንደ ብረቱ ይለያያል። ለተራ ለስላሳ ብረት 12 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። አሉሚኒየም ጠርዙ ላይ ስለሚጣበቅ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ማዘንበል ይፈልጋል። ለነሐስ ግን አናቱ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ያዘነበለ ቱል ነሐሱን ይነክስና ራሱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሥራውንም ያበላሻል። ካስት አይረን ፍቅፋቂው ስለሚፈረካከስ ጥቂት ዲግሪ ይበቃዋል። ማምለጫው ግን ከልክ አይለፍ፤ በበዛ ቁጥር ጠርዙ ድጋፍ ያጣል፣ ቶሎም ይሸራረፋል።

ለመሳሉ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ድንጋይ ያለው ቤንች ግራይንደር ይበቃል። 150 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ድንጋይ በደቂቃ 2,900 ጊዜ ያህል ሲዞር ዳሩ በሰከንድ ወደ 23 ሜትር ይፈተለካል። ስለዚህ መነጽር ግዴታ ነው፤ ጓንትና የተንጠለጠለ ልብስ አይፈቀድም። በመደገፊያውና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊሜትር አይብለጥ። አዲስ ድንጋይ ከመገጠሙ በፊት ተንጠልጥሎ በእንጨት ቀስ ተብሎ ይመታ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ተሰንጥቋልና አይገጠም። አሉሚኒየምና ነሐስ እዚህ ድንጋይ ላይ አይሳሉ፤ ቀዳዳዎቹን ደፍነው ድንጋዩን ያደነዝዙታል።

መደገፊያውን ወደሚፈለገው ዲግሪ አዘንብሉ፤ ቱሉን በቀላሉ ተጭናችሁ በድንጋዩ ስፋት ላይ ግራና ቀኝ አንሸራሽሩ። አንድ ቦታ ላይ ከቆማችሁ ድንጋዩ ይቦረቦራል። ገጹ አንድ ወጥ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ማዕዘኑን አትቀይሩ። ቱሉ እጅ ከማቃጠሉ በፊት በየጊዜው ውኃ ውስጥ ንከሩት። ጫፉ ሰማያዊ ቢሆን ሃይ ስፒድ ጥንካሬውን ወዲያው አያጣም። በጣም ግሎ ከሆነ ግን በድንገት ውኃ ውስጥ አይግባ፣ ጠርዙ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጠራልና በአየር ይቀዝቅዝ።

በመጨረሻ አፍንጫውን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል አክቡና በዘይት ድንጋይ ጠርዙን አለስልሱ። ቱሉ ሲታሰር ጫፉ ከቶርኖው ዘንግ መሀል ጋር በከፍታ እኩል ይሁን። ከፍ ካለ ማምለጫው ይጠባል፤ ዝቅ ካለ የአናቱ ማዘንበል ይቀንሳል። የለፋችሁበት ዲግሪ በአንድ ሚሊሜትር ስህተት ይከሽፋል።

ይህን ሙያ የያዘ ሠልጣኝ ሱቅ ውስጥ ያለው የቱል ቅርጽ አይገድበውም። ለሜትሪክ የብሎን ጥርስ 60 ዲግሪ፣ በአሮጌ የእንግሊዝ ማሽን ላይ ለሚገኘው የዊትወርዝ ጥርስ 55 ዲግሪ አድርጎ ራሱ ይስላል። መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ የቡና መፈልፈያ በመከር ወቅት ሲቆም፣ የሚያስነሳው እንዲህ ያለ ባለሙያ ነው። ስለዚህ አሠልጣኞች ለተማሪው ቶርኖውን ከማስነሳታቸው በፊት ቁራጭ ብረት ሰጥተው ግራይንደሩ ፊት ያቁሙት፤ ሦስቱን ገጾች በትክክል ማውጣት ሲችል ማሽኑን ይረከብ።