ምሥጢረ ሥላሴ፦ የእምነታችን መሠረት፣ የአገልግሎታችንም ምንጭ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጸሎት ስንጀምር፣ ማዕድ ስንባርክ፣ ስብሰባ ስንከፍት ይህን ስም እናስቀድማለን። አዘውትረን የምንጠራው ስም ግን ትርጉሙ በልባችን ካልታተመ በአፋችን ብቻ እንዳይቀር ያሰጋል። በወላይታ ሶዶ ከተማና በዞኑ ወረዳዎች ምእመናን ከሌሎች የእምነት ክፍሎች ተከታዮች ጋር በአንድ ቤተሰብ፣ በአንድ ዕድር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ይኖራሉ። ልጆቻችንም «ሦስት አምላክ ታመልካላችሁን?» ወይም «ኢየሱስ ራሱ አብ አይደለምን?» ተብለው ይጠየቃሉ። መልስ ያጣ ልጅ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ዝምታው ሲውል ሲያድር ጥርጥር ይሆናል። ስለዚህ በዚህ እትም የሃይማኖታችንን መሠረት በአጭሩ እንመለከታለን።

፩. አንድነትና ሦስትነት

ምሥጢረ ሥላሴ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጀመሪያው ነው። ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን በእርሱ ላይ ይቆማሉ። ሥጋን የተዋሐደው ማን እንደሆነ ሳናውቅ ሥጋዌን፣ በማን ስም እንደምንጠመቅ ሳናውቅ ጥምቀትን ልንረዳ አንችልም።

የሥላሴ ሦስትነት በስም፣ በአካልና በግብር ነው። በስም አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ይባላሉ። በአካል ለእያንዳንዳቸው ፍጹም ገጽ፣ ፍጹም መልክእ፣ ፍጹም አካል አላቸው። በግብር አብ ወላዲና አሥራጺ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ ነው። አንድነታቸው ደግሞ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በፈቃድና በሥልጣን ነው። አብ ከወልድ አይቀድምም፤ መንፈስ ቅዱስም ከሁለቱ አያንስም።

የግእዙን አነጋገር ልብ እንበል። «በስመ» እንላለን እንጂ ስሞችን አብዝተን «በአስማተ» አንልም። ጌታችን ሐዋርያትን ሲልክ የሰጠው ትእዛዝም (ማቴ. 28፥19) ሦስቱን አካላት ዘርዝሮ «ስም» የሚለውን ቃል በነጠላ አኑሮታል። ሦስቱን ከጠራን በኋላ «አሐዱ አምላክ» ብለን የምንዘጋውም ስለዚህ ነው። «ሦስት አምላክ ታመልካላችሁን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በየዕለቱ ጸሎታችን መግቢያ ላይ ተቀምጧል።

፪. አባቶች የጠበቁት ድንበር

በታሪክ ሁለት ዓይነት ስሕተት ተነሥቷል። አንደኛው አካላትን መቀላቀል ነው። ሰባልዮስ «አንድ አካል በሦስት ስም ተጠራ» ብሎ አስተማረ። ሁለተኛው ባሕርይን መክፈል ነው። አርዮስ ወልድን፣ መቅዶንዮስ መንፈስ ቅዱስን ፍጡር አደረጉ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት የወልድን ከአብ ጋር በባሕርይ መተካከል መሰከሩ፤ በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150ው ደግሞ የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት አጸኑ።

«ኢየሱስ ራሱ አብ ነው» ለሚል ወገን ወደ ዮርዳኖስ መሄድ ይበቃል (ማቴ. 3፥16-17)። ወልድ ተጠምቆ ከውኃው ወጥቷል፤ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ወርዷል፤ አብ ከሰማይ መስክሯል። ሦስቱ በአንድ ሰዓት ተገልጠዋልና አንዱ አካል ስሙን እየለዋወጠ የታየ አይደለም። ሆኖም መልሳችን ለክርክር ድል ሳይሆን ለወንድማችን መዳን ይሁን፤ በቁጣ የተነገረ እውነት ሰሚ አያገኝም።

፫. ምሳሌና ወሰኑ

ሊቃውንት ምሥጢሩን በፀሐይ ይመስላሉ፤ ክበቡ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ሦስት ሲሆኑ ፀሐይ አንድ ናት። በነፍሳችንም ይመስላሉ፤ ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ አሏት፣ ነፍስ ግን አንዲት ናት። ምሳሌ ግን ከሚመሰለው ነገር ያንሳል። ሙቀት የፀሐይ ሁኔታ እንጂ ለብቻው አካል አይደለም፤ መንፈስ ቅዱስ ግን ፍጹም አካል አለው። መምህሩ ምሳሌውን ሲሰጥ ወሰኑን አብሮ ካልነገረ፣ ሰሚው ሳያውቀው ወደ ሰባልዮስ ትምህርት ሊያዘነብል ይችላል።

ሥዕሎቻችንም አስተማሪዎች ናቸው። ሥላሴ በአንድ መልክ፣ በአንድ ቁመት፣ በአንድ ልብስ ሦስት አረጋውያን ሆነው ይሣላሉ። ሦስትነቱ በአካላቱ፣ ትክክልነቱ በመልካቸው ይነበባል። በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ከሥዕሉ ፊት አቁሞ ማስረዳት ከረጅም ንባብ ይልቅ ይጠቅማል።

፬. በሕዝቡ ቋንቋ

ወንጌል በዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የተጻፈው የዳሞቱ ንጉሥ ሞተሎሚ በወላይታ የነገሥታት ትውፊትም ስሙ ይጠራል። ይሁንና ግእዙን ብቻ የሚሰማ እናት ወይም አባት ምሥጢሩን ሊያስረዳ ይቸገራል። በወላይትኛ እግዚአብሔር «ጦሳ»፣ አብ «አዋ»፣ ወልድ «ናኣ»፣ መንፈስ ቅዱስ «ጌሻ አያና» ይባላል። ሰባክያን እነዚህን ቃላት ሲጠቀሙ ትርጉማቸውን ሊያቀኑ ይገባል። «አዋ» እና «ናኣ» ሲባል ሰሚው እንደ ሰው ልማድ አባት በዕድሜ የሚቀድም እንዳይመስለው፣ ልደቱ ዘመን የማይቆጠርለት መሆኑን እንንገረው። «አያና» ሲባልም ሌላ መንፈስ እንዳይታሰብ «ጌሻ»፣ ማለትም ቅዱስ፣ የሚለውን ቃል አጥብቀን እናስተምር።

፭. ከአብርሃም ድንኳን ወደ ደጃችን

ሐምሌ 7 የምናከብረው በዓል ሥላሴ በአብርሃም ቤት የተገኙበት ነው (ዘፍ. 18)። አብርሃም የእንግዶቹን ማንነት ሳይጠይቅ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ለእግራቸው ውኃ አቀረበ፣ እንጀራ አስጋገረ፣ ጥጃ አሳረደ። እንግዳ የተቀበለ መስሎት አምላክን ተቀበለ።

የወላይታ ገጠር የሕዝቡ ብዛት ከመሬቱ ስፋት ጋር የማይመጣጠንበት ነው። የበልጉ ዝናብ ሲያጥር ወይም ሲዘገይ የብዙ ቤት ማዕድ ይጎድላል። በዚያን ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚመጣው ሰው በሥላሴ አርአያ የተፈጠረ ነው (ዘፍ. 1፥26)። ስለዚህ የልማት ኮሚቴ የተረጂዎችን ስም ሲመዘግብ መስፈርቱ ችግር እንጂ የእምነት ክፍል፣ ዘመድነት ወይም የሰበካ አባልነት ሊሆን አይገባውም። በሥላሴ ስም የከፈትነውን ስብሰባ በአድልዎ ብንዘጋው፣ በቃል ያመንነውን በሥራ መካድ ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ ግን እንጨምር። ሥላሴ በፈቃድ አንድ ስለሆኑ እኛም በመስማማት እንሠራለን እንላለን፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም የሰው ጉባኤ ድምፅ ቆጥሮ፣ ተከራክሮ ይስማማል። የሥላሴ ፈቃድ ግን ከስምምነት የተገኘ ሳይሆን ከባሕርይ አንድነት የተነሣ አንድ ነው።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን «ሥላሴ ስንት ናቸው?» ተብሎ ቢጠየቅ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ምን ይመልሳል? ማን አስተማረው?
2. በወላይትኛ ምሥጢረ ሥላሴን የሚያስተምር ካህን ወይም ሰባኪ አለን? ከሌለ ማንን እናሠልጥን?
3. በመጨረሻው የእርዳታ ምዝገባችን የአብርሃምን ምሳሌ ጠብቀናልን?

የአብ ፍቅር፣ የወልድ ቸርነት፣ የመንፈስ ቅዱስ አንድነት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።