ትምህርት ሰባት፦ የተረፈውን መሰብሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጆች፣ ዛሬ የምንማረው ስለ ቁጠባ ነው። ቁጠባ ሲባል አንዳንዶቻችሁ ባንክ ወይም የሳንቲም ሣጥን ይታያችሁ ይሆናል። እኛ ግን የምንጀምረው ከጓዳ ነው፤ ከምድጃው፣ ከአመዱና ከእበቱ።

በቅድሚያ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተጻፈውን አስታውሱ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ባርኮ አምስት ሺህ ያህል ሰው አጠገበ። ከጠገቡ በኋላ ግን የተረፈው ቁራሽ እንዲሰበሰብ ደቀ መዛሙርቱን አዘዛቸው። በሰበሰቡትም ጊዜ ዐሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። እስኪ አስቡት! አምስቱን እንጀራ ለአምስት ሺህ ያበዛ አምላክ ፍርፋሪ ያሳሳዋልን? ቢፈቅድ በማግሥቱም እንደዚያው መስጠት ይቻለው ነበር። ነገር ግን የእግዚአብሔር ስጦታ ትንሹም ቢሆን የሚጣል እንዳልሆነ አስተማረን። እናቶቻችሁ የተረፈውን እንጀራ በፀሐይ አድርቀው ድርቆሽ ሲያደርጉት ይህንኑ እየፈጸሙ ነው።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንምጣ። በገበያ ቀን ማለዳ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ በሚያስገባው መንገድ ዳር ብትቆሙ እንጨትና ከሰል ተሸክመው የሚመጡ እናቶችና እኅቶች ታያላችሁ። ከእነርሱ መካከል የእናንተ እኩዮች አሉ። እንጨት ፍለጋ ርቃ የሄደች ልጅ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ደወል ከተደወለ በኋላ ነው፤ ወይም ጭራሹን ትቀራለች። እንግዲህ በቤታችን በከንቱ የሚነድደው እንጨት ብር ብቻ አይደለም፤ የእኅታችን የትምህርት ሰዓትም ነው።

ታዲያ እንጨቱ በከንቱ የሚነድደው እንዴት ነው? ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ ሲነድድ እሳቱ በጎን ይወጣል፣ ነፋስም ይወስደዋል። ምጣዱን የሚያገኘው ከሙቀቱ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ግድግዳውን ያሞቃል፣ ጢሱም የእናታችሁን ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ በአገራችን ምርጥ ምድጃ የሚባል ዙሪያው የተከደነ የእንጀራ ምድጃ ተሠርቶ ወጣ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ መሰል ድንጋይ ተቀርጾ የሚሠራ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል።

እስኪ እናስላው። አንድ ቤተሰብ ለእንጀራ ብቻ በወር ስድስት ሸክም እንጨት ይገዛል እንበል። ግማሹ ከተቆጠበ በወር ሦስት ሸክም ይቀራል። ጳጉሜን ሳንቆጥር በዓመት ሠላሳ ስድስት ሸክም ማለት ነው። የአንዱን ሸክም ዋጋ ከእናታችሁ ጠይቃችሁ አባዙት። ያ ሁሉ ገንዘብ ጢስ ሆኖ በጣራ ይወጣ የነበረ ነው፤ አሁን ግን በእናታችሁ መቀነት ውስጥ ይቀራል።

ምድጃ የሌለው ቤትስ? ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ የሚሠራም አለ። ለንፍሮ የሚሆነውን ባቄላና ሽንብራ ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ድስቱን ከድኖ መቀቀል፣ እርጥብ እንጨት አድርቆ ማንደድ፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ ጋግሮ መጨረስ ነው። በከተማ በኤሌክትሪክ ምጣድ ለሚጋግሩም የመጨረሻው ምክር ይሠራል።

ከእንጨቱ ቀጥሎ ወደ እበት እንሂድ። አትሳቁ! እበት ትልቅ ሀብት ነው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነድዳል። ኩበት በነደደ ቁጥር ለሰብል ምግብ የሚሆነው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል። አባታችሁ ደግሞ ይህንኑ ናይትሮጅን በዩሪያ መልክ በብር ይገዛል። የማዳበሪያ ዋጋ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ምን ያህል እንደናረ በየቤታችሁ ሲወራ ሰምታችኋል። ስለዚህ ኩበት የሚያነድድ ገበሬ ማሳውን ሁለት ጊዜ ይከፍልበታል። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ ሌላ ማገዶ የሌላት እናት ምን ታድርግ? ቁምነገሩ እንጨት ስንቆጥብ እበቱ ወደ ማሳው ለመመለስ ዕድል ማግኘቱ ነው።

ብስባሽ ማዘጋጀት እናንተም የምትችሉት ሥራ ነው። ጥላ ባለበት ቦታ የበቆሎ አገዳ፣ ቅጠል፣ እበት፣ ጥቂት አመድና አፈር በየተራ ደርድሩ፤ ውኃ አርከፍክፉበት፤ በሣር ሸፍኑት፤ አልፎ አልፎም አገላብጡት። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ጥቁርና ፍርክስክስ ሲል ለጎመኑና ለቃሪያው መደብ ይሆናል። አመዱንም አትናቁ። በምዕራብ ጎጃም በብዙ ቦታ አፈሩ ኮምጣጣ (አሲዳማ) ሆኗል፤ ለዚህም ነው የግብርና ባለሙያዎች ኖራ ጨምሩበት የሚሉት። የእንጨት አመድም የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። የኖራውን ያህል ብዙ ባይሆንም ለጓሮ ይበቃል።

ስለ ሳሙና ደግሞ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ይታጠብ ነበር። እንዶድ በአጥር ሥር ይበቅላል፤ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ አረፋ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1964 በትግራይ፣ በዓድዋ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ነገር ግን ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ በገንዳ እጠቡ እንጂ ወንዝ ውስጥ አትጨምሩት፤ ፍሬውንም መርዝ ነውና ከቶ ወደ አፋችሁ አታስጠጉ።

የተቆጠበው ገንዘብ ለምን ይውላል? እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ከሌላው ይለያል። አባቶቻችን በጾም ከማዕዳችን የቀነስነውን ለተራበ እንድንሰጥ ያስተምሩናል። ጾሞ ያተረፈውን በሣጥን ቆልፎ ያስቀመጠ ሰው ገና ግማሹን ነው የጾመ። የማገዶውም ብር እንዲሁ ነው። ከፊሉ ለደብተርና ለእስክርቢቶ ይሁን፤ ከፊሉም በሰንበት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት ይድረስ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ጌታችን የተረፈውን ቁራሽ እንዲሰበሰብ ያዘዘው ለምን ይመስላችኋል? ስንት መሶብስ ሞላ?

2. ኩበት ሲነድድ ከማሳው የሚጎድለው ምንድን ነው?

3. በቤታችሁ በአንድ ሳምንት የሚነድደውን እንጨት ቆጥራችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ንፍሮውን ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፤ ድስቱንም ከድኑ፤ እንደገና ቁጠሩ። ልዩነቱን በሚመጣው ሰንበት ለመምህራችሁ አሳዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።