የሕዝብ መብዛትና የወላጅ ኀላፊነት

ሕዝብን መቍጠር በሁለት ሐሳብ ይደረጋል፤ አንደኛው ለትምክሕት፥ ሁለተኛው ለአገልግሎት ነው። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ በደል ሆነበት፤ ሙሴ ግን በምድረ በዳ እስራኤልን የቈጠረው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነበር። እረኛም መንጋውን የሚቈጥረው የጐደለውን ዐውቆ ለመፈለግ ነው። ስለዚህ የልጆቻቸውን ቍጥር መናገር የሚፈሩ ወላጆች ይህን ልዩነት ሊያስተውሉ ይገባል።

የኢትዮጵያ ሕዝብ እስከ 1999 ዓ. ም. ድረስ ሦስት ጊዜ ተቈጥሯል። በ1976 ዓ. ም. ኤርትራ ጭምር ከ42 ሚሊዮን በላይ፥ በ1987 ዓ. ም. 53 ሚሊዮን ተኩል ያህል፥ በ1999 ዓ. ም. ደግሞ ወደ 74 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ለ2010 ዓ. ም. የታሰበው አራተኛው ቈጠራ ተላልፎ፥ በ2011 ዓ. ም. እንደ ገና ተላለፈ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት ግን የሕዝቡ ቍጥር ከ120 ሚሊዮን አልፏል።

ይህን የሚሰማ ሰው እናቶች ከቀድሞ ይልቅ ብዙ ልጅ የሚወልዱ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1992 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 5.5 ልጅ ነበር፤ በ2008 ዓ. ም. ጥናት 4.6 ሆነ። በፊተኛው ጥናት ከሚወለዱት 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በኋለኛው ጥናት ግን የሚሞቱት 67 ሆኑ። ክትባት ተስፋፍቷል፤ ከ1995 ዓ. ም. ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማርተዋል። እንግዲህ ሕዝቡ የበዛው የእናቶች ቍጥር ስለ ጨመረና የሕፃናት ሞት ስላነሰ ነው። በሕፃናት ቀብር ላይ የቆምን ካህናት ይህ ምን ያህል በረከት እንደ ሆነ እናውቃለን።

ነገር ግን በረከት ዕዳ አለበት። በ1999 ዓ. ም. ቈጠራ ከ100 ሰው 45 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ነበሩ፤ 84ቱም የሚኖሩት በገጠር ነበር። ሦስት ጥማድ መሬት ያለው ገበሬ ለአራት ልጆቹ ቢያካፍል ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ እንኳ አይደርሳቸውም። መሬት ያልደረሰው ልጅ ወደ ከተማ ወይም ወደ ዐረብ አገር ይሰደዳል።

አባቶቻችን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይሉ ነበር። ይህን ያሉት በእምነት ነውና አንነቅፋቸውም። ነገር ግን በእነርሱ ዘመን ብዙው ልጅ ይሞት ነበር፤ የሚታረስ መሬትም ሰፊ ነበር። ዛሬ ልጁ በሕይወት ይኖራል፤ መሬቱ ግን አይሰፋም። የልጅ ዕድልም ሲባል ወላጁ የሚያዘጋጅለት ምግብ፥ ትምህርትና ሙያ ነው። በእግዚአብሔር መታመን የወላጅን ሥራ አያስቀርምና።

ከሁሉ አስቀድሞ ሴቶች ልጆቻችንን እናስተምር። በ2008 ዓ. ም. ጥናት ምንም ያልተማሩ ሴቶች በአማካይ 5.7 ልጅ፥ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት ደግሞ 1.9 ይወልዱ እንደ ነበር ታይቷል። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ልጁን ሊድር የሚመጣውን አባት የንስሓ አባቱ ሊመክረውና ሊከለክለው ይገባል እንጂ በማዕዱ ሊቀመጥ አይገባውም።

ዳግመኛም ወንዱን በ40፥ ሴቲቱን በ80 ቀን ስናጠምቅ፥ ወላጆቹ ልደቱን በቀበሌ እንዲያስመዘግቡ እንንገራቸው። ያልተመዘገበ ሕፃን በመንግሥት ዘንድ እንዳልተወለደ ይቈጠራል፤ ትምህርት ቤትም ክትባትም ሲታሰብ ከቍጥር ይጐድላል። በቤተ ክርስቲያን ስም የወጣለት ልጅ በአገሩም መዝገብ ስሙ ሊጻፍለት ይገባል።