የአልዛይመር ዘረመላዊ ተጋላጭነትና የአረጋውያን የአንጎል እንቅስቃሴ፦ ከመካነ ሰላም አካባቢ ደጋ አንጻር

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና ገጠሮች አንድ አረጋዊ የልጆቹን ስም መዘንጋት ሲጀምር «ጃጀ» ይባላል። ቃሉ ሕመምን ከእርጅና አይለይም። ይህ አጭር ጽሑፍ በሌላ ዓለም ስለ አልዛይመር ዘረመልና ስለ አንጎል እንቅስቃሴ የተገኘው ውጤት በዚህ ደጋ ይፈተን ቢባል ምን ሊስተካከል እንደሚገባ ይመረምራል።

ዘግይቶ ለሚጀምረው አልዛይመር ዋነኛው ዘረመላዊ ተጋላጭነት በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው አፖኢ ነው። ሦስት ዓይነት ቅጂዎች አሉት፤ ኤፕሲሎን 2፣ 3 እና 4። ኮርደርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 በሽታው በሚደጋገምባቸው 42 ቤተሰቦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ኤፕሲሎን 4 በሌላቸው ሰዎች በሽታው በአማካይ በ84 ዓመት ሲጀምር፣ ሁለት ቅጂ በወረሱት ግን በ68 ዓመት ጀምሯል።

ሕመሙ ከመታየቱ በፊት አንጎል ምን ይመስላል? ቡክሃይመርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት የማስታወስ ችሎታቸው ያልተጓደለ 30 ሰዎች ተያያዥነት የሌላቸውን ጥንድ ቃላት ሲያጠኑና ሲያስታውሱ በኤምአርአይ ተመለከቱ። የኤፕሲሎን 4 ተሸካሚዎች ሂፖካምፐስን ጨምሮ በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች የበለጠ እንቅስቃሴ አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና በተፈተኑት ላይ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ የበዛባቸው የማስታወስ ችሎታቸው ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ ብዙ እንቅስቃሴ የብርታት ምልክት ነው ማለት ያዳግታል፤ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የሚወጣ ተጨማሪ ድካም መሆኑ ይበልጥ አሳማኝ ይመስለኛል።

ይሁንና ተጋላጭነቱ በሁሉም ሕዝብ እኩል አይደለም። በናይጄሪያ ኢባዳን በዮሩባ አረጋውያን ላይ የተካሄዱት የመጀመሪያ ጥናቶች ግንኙነቱን አላገኙም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ግን ሁለት ቅጂ ባላቸው ላይ ብቻ አገኘው። የአውሮፓን አኃዝ ለቦረና መዋስ እንግዲህ አይቻልም።

የከፍታው ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ኤምአርአይ የነርቭ ሴሎችን ሥራ በቀጥታ አይለካም፤ የሚያነበው ሥራ ላይ ባለው ክፍል የሚከሰተውን የደም ኦክስጅን ለውጥ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ትገኛለች። ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው የኦክስጅን ሙሌታቸው በአማካይ 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ የሚያበረታታ ነው፤ የደም ማነስ ግን ምልክቱን ያደክማል። በአንድ ቀበሌ ያሉ ተሸካሚዎችና ተሸካሚ ያልሆኑ ሲነጻጸሩ ከፍታው ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ችግሩ ይቃለላል፤ የእያንዳንዱ ተሳታፊ ሄሞግሎቢን ግን መለካት አለበት።

ፊደል ላልቆጠረ አረጋዊ በጽሑፍ የቀረበ ጥንድ ቃል ፈተና አይሆንም፤ በጆሮ የሚሰማ ወይም በሥዕል የሚታይ ሊሆን ይገባል። የበሬ፣ የሞፈር፣ የእንስራ ሥዕል ይበቃል።

ዕድሜስ? በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ ዛሬ 70 የሞላው ሰው የልደት ሰነድ አይኖረውም። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ እረኛ ነበሩ ወይስ ገና ታዛይ? በ1966ቱ የወሎ ረሀብ ጊዜስ አግብተው ነበር? በእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የሚገኘው ዕድሜ አምስት ዓመት ሊዛነፍ ይችላል፤ በ68 እና በ84 መካከል ላለው ልዩነት ይህ ትንሽ ስሕተት ስላልሆነ፣ ዕድሜ በነጠላ ቁጥር ሳይሆን በአምስት ዓመት እርከን መመዝገብ ይኖርበታል።