ትንሿ ፋን እና የዋይፋዩ አዳፕተር

ኮተቤ ላይ ለራሱ ብሎ ፋን የሚገዛ ሰው ብዙ አይደለም፤ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ ማታ ማታ ጋቢ ያስደርባል። ፋን የሚፈልገው ዕቃው ነው፦ ቁም ሣጥን ውስጥ ተከቶ የሚግለው ሪሲቨር፣ አሮጌው ዴስክቶፕ፣ የጫጩት ሣጥኑ። ለዚህ ከተበላሸ ኮምፒውተር የወጣች የ12 ቮልት ፋን ትበቃለች። ግድግዳው ላይ ያለው ግን 220 ቮልት ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዋይፋዩ ሲበላሽ የተረፈው አዳፕተር።

ገልብጠው ጽሑፉን ያንብቡ። ኢንፑት የሚለው ላይ 100–240 ቮልት ካለ ጥሩ ነው፤ ምሽት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ጥዶ ኮረንቲው ቢደክምም አዳፕተሩ 12 ቮልቱን አይቀንስም። ከበድ የሚለው፣ ትራንስፎርመር ያለው የድሮው ዓይነት አብሮ ይደክማል፤ ምንም ሳይሰካበት ሲለካ ደግሞ 12 ተብሎ 16 ሊያሳይ ይችላል። አውትፑት ላይ ከቮልቱ አጠገብ ያለችውንም ምልክት ይዩ። ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ከሥሩ የተቆራረጠ ሰረዝ ካለ ዲሲ ነው፣ ይሆናል። እንደ ሞገድ የተጠማዘዘች ከሆነች ኤሲ ነው፣ ለዚች ፋን አይሆንም።

ሰው የሚፈራው አምፔሩን ነው፤ «1 አምፔር ያቃጥላታል» ይላል። አያቃጥላትም። ፋኗ የምትስበው የሚያስፈልጋትን ብቻ ነው፤ ጀርባዋ ላይ 0.15 ከተጻፈ ያንኑ። የሚያቃጥላት የበዛ ቮልት ነው፤ የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት እንደሚሰጥ አይርሱ። ባለ 1 አምፔሩ አዳፕተር እንዲህ ያሉ አራት ፋኖችን፣ ቀይ ከቀይ ጥቁር ከጥቁር ተያይዘው፣ ሳይጨነቅ ይሸከማል። ለቆጣሪው ለሚሰጋ፦ አንዷ 1.8 ዋት ነው የምትበላው፤ ወሩን ሙሉ ሌት ተቀን ብትዞር 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።

ገመዱን ከመቁረጥዎ በፊት ከሶኬት ይንቀሉ። ከአዳፕተሩ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ብዙ ጊዜ ቀለማቸው አንድ ስለሆነ ፖዘቲቩን በቴስተር ይለዩ፣ ከፋኗ ቀይ ሽቦ ጋር ያገናኙ። ቢጫ ሽቦ ካለች ፍጥነት መቁጠሪያ ናት፤ ጫፏን በፕላስተር ሸፍነው ይተዉአት።

በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት የሚያዞሩም አሉ። ድምፅዋ ይጠፋል፣ አንዳንዷ ግን ጭራሽ አትነሳም። እኔ ለኮተቤ አልመክረውም። ሰፈሩ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከጠረፍ አየር አንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ፋኗ እኩል ብትዞርም ይዛ የምትወጣው ሙቀት ያንሳል።

አየር የሚወጣው ተለጣፊ ጽሑፍ ባለበት ፊቷ በኩል ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ ከላይ፣ ያ ፊት ወደ ውጭ እንዲያይ አድርገው ይግጠሟት፤ ከታች መግቢያ ቀዳዳ ይብሱ። የጫጩት ሣጥን ላይም አየር ታውጣ እንጂ ወደ ውስጥ አትንፈስ፤ ጫጩት ብርድ አይችልም።